ሕገ ወጡን ማን ሠራው?

ለመሆኑ «ሕገ ወጥ» የምንለው ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ከየት አገር ወይም ከየት ክልል ማለቴ አይደለም። ሕገ ወጥ ሆኖ ከእናቱ ማሕፀን የወጣ ሰው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ አንድ ሰው ትናንት ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ዛሬ ሕገ ወጥ የሚሆነው እንዴት ነው? እንዲህ የሚያደርገውስ ማን ነው?

ይህን እንዳነሣ ያደረገኝ ቃሉ ራሱ ነው። በከተማችን በአዲስ አበባ ይህ ቅጽል ያልተለጠፈበት ነገር እየጠፋ መጥቷል። ሕገ ወጥ ግንባታ አለ፤ ሕገ ወጥ ንግድ አለ፤ ሕገ ወጥ ደላላ፣ ሕገ ወጥ ሰፋሪ፣ ሕገ ወጥ መታወቂያ አለ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ አዲስ በተቋቋመው የሸገር ከተማ መስጂዶች በዚሁ ቃል እየተጠሩ ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት ግንቦት በታላቁ አንዋር መስጂድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በተነሣው ተቃውሞም የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ጊዜ ምን ብለን እንደተከራከርን አንባብያን አትዘነጉትም። ወረቀት የለውም ማለት መስጂድ አይደለም ማለት አይደለም፤ ሰው ለዓመታት ሲሰግድበት ወረቀቱን ያልሰጠው ማን ነው? ብለን ነበር። መልካም ክርክር ነው። የዛሬ ጥያቄዬ፣ ይህንን ክርክር ለመስጂድ ያነሣን ሰዎች ለሰውስ እናነሣዋለን ወይ? የሚል ነው።

ለቡን እንውሰድ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጀሞና ከፉሪ ጋር ተያይዞ የሚገኘው ይህ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በፊት አብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ቪላው፣ ፎቁና ኮንዶሚኒየሙ ሞልቶታል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻ ጣቢያም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ያቆመው ማን ነው? ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከጋሞ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ መጥቶ አሸዋ የተሸከመው፣ ብረት ያሰረው፣ ሌሊት ግንባታ ላይ ዘብ ያደረው ሰው ነው። መሬቱስ ቀድሞ የማን ነበር? የኦሮሞ ገበሬዎች ነበር። ከእነዚያ ገበሬዎች መካከል በጥቂት ካሣ ተነሥተው በገዛ ማሳቸው ላይ ለተሠራ ቤት ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ እንዳሉ በከተማዋ ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በሚያዝያ 2006 እና በኅዳር 2008 ዓ.ም የተቀጣጠለው ተቃውሞ፣ በጥር 2008 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን እንዲሰረዝ ያደረገውም ይኸው ቁስል ነው።

እንግዲህ ለቡ ላይ ቆሞ «እኔ ነባር ነኝ፣ አንተ መጤ ነህ» ለማለት የሚችል ሰው ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነው። ቢሆንም አባባሉ በታክሲም በካፌም በየዕለቱ ይሰማል።

ነገሩን ከሩቅ ብንጀምረው ሳይቀል አይቀርም፤ ሰው የሌላውን ጉዳይ ሲዳኝ ቀዝቀዝ ይላልና። በአሜሪካ በደቡቡ ድንበር በኩል ገብተው ያለ ወረቀት የሚኖሩ ሚሊዮኖች አሉ። እዚያው አገር ደግሞ ከእነሱ ጋር በቋንቋና በዘር የሚዛመዱ፣ ዜግነት ያላቸውና ድምፅ የሚሰጡ፣ ሂስፓኒክ የሚባሉ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ፖለቲከኞቹ ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ያሰላሉ። አንዱ ወገን፣ ዛሬ ያለ ወረቀት የገባው ነገ ወረቀት ይሰጠውና ተቀናቃኜን ይመርጣል ብሎ ይሰጋል። ሌላው ወገን፣ ለእነዚህ ብራራላቸው ዘመዶቻቸው እኔን ይመርጣሉ ብሎ ይጠብቃል። ልብ በሉ፤ ያለ ወረቀት የሚኖረው ሰው ራሱ በፌዴራሉ ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው። የሚፈሩትም የሚመኙትም ገና ያልተወለደ ድምፅ ነው።

ስሌቱ እንዴት እንደከሸፈ ማየቱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሕጋዊ ወረቀት አስገኘ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1994 የካሊፎርኒያ ሕዝብ፣ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ራሳቸውንም ከድንገተኛ ውጪ ካለ ሕክምና የሚከለክል ውሳኔ ቁጥር 187 የሚባል ሕግ በድምፅ ብልጫ አጸደቀ። ሕጉን ፍርድ ቤት አገደው፤ አገረ ገዢው ፒት ዊልሰን ግን በዚያው ዘመቻ ድጋሚ ተመረጡ። የእርሳቸው ፓርቲ በዚያች ስቴት የሂስፓኒኮችን ፊት ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው የሚሉ ታዛቢዎች ብዙ ናቸው። በ2012 ሚት ሮምኒ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ኑሮው ሲከብዳቸው «ራሳቸውን ያባርራሉ» የሚል ሐሳብ ይዘው ቀርበው ከሂስፓኒኮች ድምፅ 27 በመቶ ገደማ ብቻ አገኙ። በማግሥቱ ፓርቲያቸው ባወጣው ግምገማ በስደተኞች ጉዳይ ለስለስ ካላልን ጠፋን አለ። ዴሞክራቶቹም ይህ ሕዝብ በኪሳችን ነው ብለው ተቀመጡ።

ከዚያስ? በ2024 ምርጫ በጅምላ አባርራለሁ ብሎ የተነሣው ዶናልድ ትራምፕ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁ መራጮች እንደተናገሩት ከሂስፓኒኮች 46 በመቶ ያህሉን ድምፅ አገኘ። በቴክሳስ በሜክሲኮ ድንበር ላይ የምትገኘው፣ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሂስፓኒክ የሆነው የስታር ካውንቲ ከመቶ ዓመት በላይ ለሪፐብሊካን ዕጩ ድምፅ ሰጥታ የማታውቅ ስትሆን በዚያ ዓመት ሰጠች።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ክህደት ነው ይላል። እኔ እንዲህ በአጭሩ መቁረጥ አልፈልግም። ሰው የዘሩ ቁራጭ አይደለም፤ የሥጋ ዋጋም ያሳስበዋል፣ የልጁ ትምህርት ቤትም፣ የሰፈሩ ሰላምም። የእኛ ሰዎችም ቢሆኑ በ2021 በቨርጂኒያ ስቴት በአገረ ገዢ ምርጫ ላይ ከኢትዮጵያውያን ትውልድ የሆኑ ብዙ መራጮች የዋሽንግተን መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል። ስደተኛ ስለሆንክ እንዲህ ትመርጣለህ ብሎ አስቀድሞ የሚቆጥርህ ሰው፣ ቢወድህም ቢጠላህም፣ ከሰው ቁጥር አውጥቶሃል።

ደግሞም በሕጉ የመጣ ሰው ምሬት አለ። ለቪዛ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የጠበቀ፣ ለጠበቃ የከፈለ፣ ወንድሙን ሳያይ የቆየ ሰው፣ በአጥር ዘሎ የገባው ከእርሱ እኩል ወረቀት ሲሰጠው «እኔ ሞኝ ነበርኩ ማለት ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ምሬት ወደ እኛው ከተማ ይመልሰናል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው ቦታ የመንቀሳቀስና መኖሪያ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከአውራጃ አውራጃ መጓዝ አይቻልም ነበርና ይህ አንቀጽ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ነፃነቱ በወረቀት ላይ ሲሆን ኑሮው በመታወቂያ ላይ ነው። የወረዳ መታወቂያ የሌለው ሰው የንግድ ፈቃድ ማውጣት ይቸግረዋል፤ ሥራ ሲገባ ዋስ አያገኝም፤ የቤት ዕጣ አይመዘገብም። የምርጫ ሕጉም መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል፤ ኖሯል አልኖረም የሚለውን የሚያሳየው በአብዛኛው ያው መታወቂያ ነው።

በ2010 እና በ2011 ዓ.ም አካባቢ ይህች ካርድ ከተማውን ምን ያህል እንዳናወጠች እናስታውሳለን። ተቃዋሚዎች፣ ከከተማው ውጪ ለሚኖሩ ሰዎች መታወቂያ እየታደለ የከተማው ሕዝብ ስብጥርና የምርጫው ውጤት ሊለወጥ ነው ብለው ከሰሱ። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በየካቲት 2011 ከ50 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ የተሠራው ቤት በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው፣ ሕዝብ እየሠፈረብን ድንበራችን ሊዋጥ ነው የሚል ተቃውሞ በብዙ ከተሞች ተነሣ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ አባባላቸው ግን አንድ ነው። «እነዚያን የሚያመጧቸው ሊቆጥሩብን ነው» ይላሉ።

በመካከል የቆመውን ሰው አስቡት። በ1997 ዓ.ም ለቤት ተመዝግቦ፣ በየወሩ ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ እየቆጠበ ዕጣው ያልደረሰው የከተማ ነዋሪ፣ ትናንት መጥቶ ዛሬ ቤት የወሰደ ሰው አለ ሲባል ቢቆጣ አልፈርድበትም። መታወቂያ ለማይገባው የሚሰጥ ሹም ሁለት ጊዜ ይበድላል። የጠበቀውን ይበድላል፤ መታወቂያ የሚገባውን ምስኪን መጤም እንዲጠረጠር በማድረግ ይበድላል። በር ያለው ቤት በሩን መዝጋትና መክፈት መብቱ ነው፤ አገርም ከተማም እንዲሁ። የሰው ልጅ ሁሉ የትም ይግባ ብሎ የሚሰብክ ሰው የራሱን ግቢ በር ቆልፎ ነው የሚተኛው።

ነገር ግን ቁጣው ወደ ማን እንደሚሄድ እንይ። ወደ ሹሙ አይሄድም። በታክሲ ተራ ላይ ጀብሎ ይዞ ወደቆመው ልጅ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ሕገ ወጡን ማን ሠራው? ሦስት ቦታ ልውሰዳችሁ።

በአሜሪካ የቲማቲሙን እርሻ፣ የሥጋ ፋብሪካውን፣ የሆቴሉን ምንጣፍ፣ የሽማግሌውን ማስታመም የያዘው በብዛት ያ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ1986 ሕግ እያወቀ ወረቀት የሌለውን የቀጠረ አሠሪ ይቀጣል ብሎ ነበር። ሠራተኛው በገፍ ሲባረር በዓይናችን አይተናል፤ ስለ ታሰረ አሠሪ የሚወራው ግን እምብዛም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀነስ አይከስም፤ እጁ ሲቆረጥ ካሣ አይጠይቅም። ለአሠሪው ወረቀት ማጣቱ ነው ዋጋው። እንዲያውም የእርሻ ሠራተኞች መሪ የነበረው፣ የሜክሲኮ ስደተኞች የልጅ ልጅ ሴሳር ቻቬዝ፣ በ1974 ማኅበሩ ሥራ ማቆም ሲያደርግ ባለ እርሻዎቹ ያለ ወረቀት የገቡትን እያመጡ አድማውን ስለሰበሩበት፣ ሰዎቹን ለኢሚግሬሽን እስከ መጠቆም ደርሶ ነበር። የተበደለው ድኃ ከእርሱ የባሰውን ድኃ አስያዘ፤ ባለ እርሻው ግን ፍሬውን ለቀመ።

ሁለተኛው ቦታ ከእኛው ቤት ብዙ ሰው የሄደበት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በከፊል ሥርዓት የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ በአሠሪው እጅ የታሰረ ነበር። አሠሪዋ ደመወዝ የከለከላት፣ ፓስፖርቷን ቆልፎ ያስቀመጠባት የቤት ሠራተኛ በሩን ከፍታ በወጣችበት ደቂቃ ሕገ ወጥ ሆነች። ሕጉን የጣሰው ማን ነው? እርሱ ነው። ስሙን የተሸከመችው ማን ናት? እርሷ ናት። በጥቅምት 2006 ዓ.ም የምሕረት ጊዜው ሲያበቃ አፈሳው ተጀመረ፤ በሪያድ መንፉሃ ሰፈር ደም ፈሰሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ተጭነው ቦሌ ላይ ተራገፉ። አንዳንዶቹ በባዶ እግራቸው ነበሩ። በዚያው ጊዜ የእኛው መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ድረስ ቆየ። መሄዱ ግን አልቆመም፤ በጅቡቲ በኩል በኦቦክ ባሕሩን እየተሻገረ በየመን በረሃ የሚያልፈው ሰው በደላላ እጅ ወደቀ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል። ሟቾቹ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ፤ ገዳዮቹም ወደ ቂብላ የሚሰግዱ ናቸው። ይህን ለመናገር አንፈር።

ሦስተኛው ቦታ ለቡ ነው። አዎ፣ የእኛው ለቡ።

በግቢያችን ጀርባ ሰርቪስ ቤት አለ። አንድ ክፍል፣ ከቤት ውጪ የሆነ ሽንት ቤት፣ በወር ይህን ያህል ብር። ተከራዩ ከስልጤ ወይም ከወሎ የመጣ፣ ቀን ሱቅ የሚጠብቅ ወይም ጉልት የምትቸረችር ናት እንበል። በወረዳው ለመመዝገብ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። መሸኛውን አመጣ እንበል። ከዚያ የሚኖርበትን ቤት ማሳየት አለበት፤ ለዚህም የኪራይ ውል ወይም የአከራዩ ቃል ይጠየቃል። እዚህ ላይ አከራዩ ሐጂ ወይም ጋሼ «ተው ልጄ፣ ነገር አታምጣብኝ» ይላሉ። ለምን? ውል ከተጻፈ የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣል። ውል ከተጻፈ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ማስወጣት አይቻልም፤ በፈለጉበት ወር ኪራይ መጨመር አይቻልም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። አዋጁን የማያከብረው አከራዩ ነው። በወረዳው መዝገብ የሌለው፣ ፖሊስ ሲፈትሽ «የት ነው የምትኖረው?» ሲባል ማስረጃ የሚያጣው ግን ተከራዩ ነው። ስድስት ዓመት ኖሮ በምርጫ ሕጉ ፊት ስድስት ወር እንኳ አልኖረም።

እንግዲህ ይህ ሰው የተሠራው በእኛ ግቢ ነው። ድንበር አልጣሰም፤ አጥር አልዘለለም፤ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አንቀጽ 32 የእርሱም ነው። ሕገ ወጥ ያደረገው በወር የሚቆጠረው የእኛ ብር ነው። ማታ ደግሞ እኚያው አከራይ ሻይ ይዘው ዜና እያዩ «ከተማው በመጤ ተጥለቀለቀ» ሲሉ ይሰማሉ።

በእኔ አስተያየት ነውሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በስደተኛ ጉዳይ ጥብቅ ሕግ ይኑር ብሎ ቢመርጥ ይከራከሩታል እንጂ አይኮነንም። ላላ ያለ ሕግ ይኑር የሚለውም እንዲሁ። ነገር ግን ከሰውየው ወረቀት ማጣት እየተጠቀመ፣ ወረቀት ስለሌለው ይባረር ብሎ ድምፅ የሚሰጥ ሰው፣ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው እጁ ይከሳል። የካሊፎርኒያው ባለ እርሻም፣ የሪያዱ ከፊልም፣ የለቡ አከራይም በዚህ አንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲነገሩ ግን ደስ ይለናል፤ ሦስተኛው ሲነገር ወሬ እንቀይራለን።

እኛ የከተማ ሙስሊሞች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው የሚገባ ነበር። መርካቶን የሞላው፣ ከሊስትሮነት ተነሥቶ ሱቅ የከፈተው፣ ከሱቅ ተነሥቶ ፎቅ የሠራው ማን ነው? ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጣ አባታችን አይደለምን? ከመጡት ውስጥ ስንቱ ነው በዘመድ ሱቅ መደርደሪያ ሥር ያደረ፣ ያለ ውል የሠራ፣ ሕገ ወጥ ነጋዴ ተብሎ ዕቃው የተወረሰበት? የአባቱን ታሪክ ለሠርግና ለሰደቃ ብቻ የሚያወራ፣ ለተከራዩ ግን የማያስታውስ ልጅ ታሪኩን አልወረሰም ማለት ነው፤ ቤቱን ብቻ ነው የወረሰው።

የነጃሺን ነገር ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የምናነሣው አገራችንን ለማወደስ ነውና በሌላ በኩል ልየው። የቁረይሽ መልእክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ወደ ንጉሡ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ለሹማምንቱ ሁሉ ስጦታ ይዘው ነበር። ሹማምንቱም ሰዎቹ ይሰጡ ብለው መከሩ። በዛሬ ቋንቋ ብናሰላው ስደተኞቹን አሳልፎ መስጠት ትርፍ ነበረው፤ ማስቀረቱ ግን ምንም አላስገኘም። ለንጉሡ ድምፅ የሚሰጡ አልነበሩም፤ የእርሱን ሃይማኖት የሚከተሉም አልነበሩም። እርሱ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ቆመው ተናገሩ፤ ንጉሡም ሰማ። ስጦታውን መለሰ።

ይህ ታሪክ ሁሉን ነገር ይፈታል አልልም። እነዚያ በእምነታቸው የተሰደዱ ነበሩ፤ የዛሬው መጤ አብዛኛው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ነው፤ ለእንጀራ የመጣውን ሁሉ ለመቀበል የትኛውም ከተማ አቅም ላይኖረው ይችላል። ለእንጀራ ፈላጊው ይበልጥ የሚቀርበው የመዲናው ነገር ነው። ከመካ የተሰደደው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የመዲናው ወንድሙ ሀብቱን በግማሽ ሊያካፍለው ሲል፣ አመስግኖ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳየው ብቻ ነበር የጠየቀው። በለቡ ታክሲ ተራ ላይ ካልሲና የስልክ ሽፋን ዘርግቶ፣ ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል ሸራውን ጠቅልሎ የሚሮጠው ልጅም የጠየቀን ይህንኑ ነው፤ ገበያው የት ነው? የሚል ነው። ሀብታችንን አካፍሉኝ አላለም።

«ታዲያ ሁሉም ይምጣ፣ ሁሉም ይመዝገብ ነው የምትለው?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ከተማው ስንት ሰው መሸከም እንደሚችል፣ ቤት ለማን በቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ የዙሪያው ገበሬ ካሣው እንዴት እንደሚሰላ በግልጽ ይወሰን፤ የጠበቀውም ተራው ይከበርለት። በሐሰት መታወቂያ የሰጠ ሹም ይከሰስ። ይህ ሁሉ ግን ሊደረግ የሚችለው ማን የት እንደሚኖር ሲታወቅ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ በከተማዋ ዳር ስንት ሰው እንደሚኖር ማንም በትክክል አይናገርም፤ ተከራዩን የሸሸግነው እኛ ነንና። ያልተቆጠረውን ሰው ደግሞ በምርጫ ሰሞን ማንም እንደፈቀደው ይቆጥረዋል። አንዱ አሥር ሺህ ነው ይላል፤ ሌላው መቶ ሺህ ይላል፤ ሁለቱንም የሚያስተባብል መዝገብ የለም። በሰኔ 2008 ዓ.ም በዚሁ ክፍለ ከተማ በሀና ማርያም አካባቢ ጨረቃ ቤት የተባሉት ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ሲጠፋ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ማን እንደኖረ የሚናገር ወረቀት ብዙ ሰው አልነበረውም። መብራት የከፈሉበት ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የልጅ የክትባት ካርድ ነበር ያላቸው።

ግብሩ ከባድ ነው የሚሉ አከራዮች ካሉ፣ እርሱንም በግልጽ እንነጋገርበት። የኪራይ ገቢ ግብር መጠኑ ይቀነስ ብሎ መጠየቅ፣ ለአንድና ለሁለት ክፍል አከራይ ለየት ያለ አሠራር ይበጅ ብሎ መከራከር የሚቻል ነው፤ ከወረዳው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገርም ነውር የለውም። ተከራዩን ከመዝገብ ማውጣት ግን ግብሩን በእርሱ ላይ መጣል ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚከፍለው በብር ሳይሆን በስሙ ነው። ለመስጂድ ግንባታ ደረሰኝ ስንቆርጥ ስማችን እንዲጻፍ እንፈልጋለን። የሰርቪሱ ተከራይ ስም የሚጻፍበት ቅጽ ደግሞ በወረዳው መስኮት ላይ ነው፤ ከአከራዩ የሚጠይቀው ፊርማ አንድ ነው።